አመኔታን ስለ መጠገን

በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተ ሰብ ሁሉ ሁለት ጎተራ አለው። አንደኛው ዓይን የሚያየው ነው፤ ጤፉና ሽሮው፥ በባንክም የተቀመጠችው ጥቂት ገንዘብ ናት። ሁለተኛው ግን በሰው ልብ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ይኸውም ባለ ሱቁ «ይውሰዱ፥ ወሩ ሲያልቅ ይከፍላሉ» የሚልበት፥ የዕቁቡ ዳኛ ስማችን ሲጠራ ፊቱን የማያጠቍርበት፥ ወዳጅም በዋስትና ወረቀት ላይ ሳያመነታ የሚፈርምበት አመኔታ ነው። ደመወዝ የተቋረጠ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ጎተራ በአንድ ወይም በሁለት ወር ይራቈታል። ከዚያ በኋላ ቤቱን ደግፎ የሚያቆመው ሁለተኛው ነው። ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ጎተራ ሲሞላም ሲጎድልም ስለማይታይ፥ ብዙዎቻችን ባዶ መሆኑን የምናውቀው እጃችንን በሰደድንበት ቀን ነው።

ስለ ቍጠባ ብዙ ተጽፏል፤ ከዕዳ ስለ መራቅም አባቶች አስተምረዋል፤ «ዕዳ ከሜዳ» የሚለውንም አባባል የማያውቅ የለም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንናገር የፈለግነው ከዚህ ጥቂት ዞር ያለውን ነገር ነው። በክፉ ቀን አመኔታው ያለቀበት ቤት እንደ ገና ታምኖ ሊኖር ይችላልን? ይችላል፤ አይተነዋልና። ነገር ግን ጥገናው የሚሠራው ደመወዝ በሚገባበት ጊዜ እንጂ በቀረበት ጊዜ አይደለም፤ ክዳኑም በበጋ እንጂ በሐምሌ ዝናብ አይታደስም።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲታዘዝ፥ እኛ በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነበርን። ደመወዛችን 6,200 ብር ነበረ። ትምህርት ቤቱ የመጋቢትን ሙሉውን፥ የሚያዝያንና የግንቦትን እኩሌታውን ከፈለ፤ ከሰኔ ጀምሮ ግን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ አንድም ሳንቲም አልሰጠም። የተማሪ ክፍያ ካልገባ ደመወዝ ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አምስት ወር ሙሉ አንድ የማጽናኛ ደብዳቤ እንኳ ለመምህራኑ አለመጻፉን እስከ ዛሬ አንረሳውም።

በዚያን ጊዜ በሦስት በኩል ዕዳ ነበረብን። ከጎረቤታችን ባለ ሱቅ በዱቤ ዘይትና ስኳር፥ ሳሙናና ሩዝ እንወስድ ነበር። በሳምንት 500 ብር የሚጣልበት ዕቁብ ነበረን፤ ዕጣው አስቀድሞ ደርሶን ለቤት ክዳን ቆርቆሮ ስለ ገዛንበት የቀረብን መክፈል ብቻ ነበረ። ከመምህራን የገንዘብ ቍጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበርም የተበደርነው ገንዘብ ነበረ። ሰኔ ሲገባ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ቆሙ። የዕቁቡን የመጨረሻዎቹን ስምንት ሳምንታት ዋሳችን የነበረው የሒሳብ መምህር ከፈለልን፤ እርሱም እንደ እኛው ደመወዝ የሌለው፥ የሁለት ልጆች አባት ነው። ባለ ሱቁ እስከ ነሐሴ ድረስ ታግሦ ከዚያ በኋላ መዝገቡን ዘጋ።

በዚህ ስፍራ ስለ ባለ ሱቁ አንድ ቃል መናገር ይገባናል፤ ብዙ ሰው ዱቤ የከለከለውን ነጋዴ ጨካኝ አድርጎ ያየዋልና። ባለ ሱቁ ሸቀጡን የሚያመጣው ከጅምላ ነጋዴ ነው፤ ከዚያም ቢሆን እኩሌታውን በዱቤ ነው። እኛና እኛን የመሰሉ የመንደሩ መምህራን ባልከፈልንበት ክረምት እርሱም ለጅምላ ነጋዴው መክፈል አቅቶት ስኳር ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ የአንድ ቤት አመኔታ የዚያ ቤት ብቻ አይደለም። የአንዱ ቀለበት ሲበጠስ የማያውቃቸውን ሰዎች ጭምር ይዞ ይወድቃል፤ ሲጠገንም እንዲሁ ነው።

ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ከጥቅምት ጀምሮ በየደረጃው ተከፈቱ፤ እኛም የኅዳርን ደመወዝ ተቀበልን። በዚያች ሌሊት ከባለቤታችን ጋር ተቀምጠን የዕዳውን ዝርዝር ጻፍን፤ ለዋሳችን 4,000 ብር፥ ለባለ ሱቁ 3,600 ብር፥ ለማኅበሩ ያደረውን ወለድ ጨምሮ 9,600 ብር ሆነ። አሁን ጥያቄው ከማን እንጀምር የሚለው ነበረ። በሒሳብ መንገድ ለሚያስብ ሰው መልሱ ግልጽ ነው። ወለድ የሚወልደው የማኅበሩ ብድር ነው፤ በዓመት ከመቶ 12 ስለሚታሰብ በየወሩ 96 ብር ይጨምራል፤ የዋሳችንና የባለ ሱቁ ግን ምንም አይወልድም። ስለዚህ ማኅበሩ ይቅደም ያሰኛል። ባለቤታችን ግን ዝርዝሩን አይታ፥ «ወለድ የማይጠይቀው ሰው ነው የበለጠ የተጎዳው» አለች። እኛም ይህን ቃል ተቀበልን።

ለማኅበሩ ገንዘብ ከመላካችን በፊት እግራችንን ላክን። ወደ ብድር ኮሚቴው ሄደን፥ ደመወዝ የተቋረጠበትን ዘመን የሚገልጽ ማስረጃ አቅርበን፥ ለስምንት ወር ወለዱን ብቻ እንድንከፍል፥ ዋናውን ከዚያ በኋላ እንድንጀምር በጽሑፍ ጠየቅን፤ ተፈቀደልንም። በእኛ አስተያየት ከገንዘቡ ይልቅ ይህ መሄድ ይበልጣል። አበዳሪ በእጁ ሰጥቶ በእግሩ መፈለግ የለመደ ስለ ሆነ፥ ተበዳሪው ራሱ በሩን አንኳኵቶ ሲገባ የሚሰማው ነገር ሌላ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው መንገድ ይለውጣል፥ ስልክ አያነሣም፥ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በሌላው በር ይሄዳል፤ ይህን ሁላችንም አይተናል። የሚያስቀይመው መቸገሩ ሳይሆን መሰወሩ ነው።

ስምንቱ ወር እንዲህ አለፈ። ለዋሳችን በየወሩ 500 ብር፥ ለባለ ሱቁ 300 ብር፥ ለማኅበሩ 96 ብር፥ በድምሩ 896 ብር ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ይወጣል። ዋሳችን የመጀመሪያውን 500 ብር ስናመጣለት «ይቆይ፥ ትምህርት ቤቱ ገና መከፈቱ ነው» ብሎ ሊመልሰው ፈለገ። እኛ ግን በጠረጴዛው ላይ ትተነው ወጣን፤ ወዳጅ «ይቆይ» ሲል እውነቱን ቢሆንም፥ የቆየው ገንዘብ በመካከል እንደ ድንጋይ ይቀመጣልና። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የእርሱ ተፈጸመ። በነዚያ ወራት ለማኅበሩ የከፈልነው ወለድ 768 ብር ደረሰ፤ ዋናው ግን አልተነካም። ይህን 768 ብር በኪሳራ አልመዘገብነውም።

ስለ ባለ ሱቁ ግን ከባለቤታችን ጋር እስከ ዛሬ ያልተስማማንበት ነገር አለ። ዕዳውን እየከፈልን ሳለ አዲስ ዱቤ አንድም ቀን አልወሰድንም፤ ሳሙናም ቢሆን በእጅ በእጅ ነበር የምንገዛው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ግን እኛ፥ «ገንዘብ እያለን ጥቂት ዘይት በዱቤ ወስደን በቀኑ እንክፈል፤ መዝገቡ በስማችን ሳይከፈት ብዙ ከቆየ ይረሳናል» አልን። ባለቤታችን፥ «ታማኝነት ገመድ አይደለም፥ ይበጠስ አይበጠስ እንደ ሆነ እየተጎተተ አይፈተንም» ብላ ተቃወመች። ለሰፈር ባለ ሱቅ የእርስዋ ነገር ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ በየቀኑ ያየናል፥ ልጆቻችንንም ያውቃል። ለማኅበርና ለባንክ ግን የእኛ ይበልጣል፤ እነርሱ የሚያውቁን በመዝገብ ብቻ ነውና ተበድሮ በቀኑ የመለሰውን እንጂ ከቶ ያልተበደረውን አያውቁትም።

ይህ ነገር በሌላ አገር እጅግ ጠንክሮ ይታያል። የእኅታችን ልጅ በዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች፤ በሄደች በመጀመሪያው ዓመት ቤት ለመከራየት ስትጠይቅ «የብድር ታሪክ የለሽም» ተባለች። በሕይወትዋ ዕዳ ያልነበረባት ልጅ ይህን ስትሰማ መደነቋን ጽፋልን ነበር። በአሜሪካ የሰው ታማኝነት ከ300 እስከ 850 በሚደርስ ቍጥር ይለካል፤ ዘግይቶ የተከፈለ ዕዳም በመዝገብ እስከ ሰባት ዓመት ይቈያል። ቍጥር የሌለው አዲስ ገቢ ወይም ቍጥሩ የወደቀበት ሰው የሚያደርገው አንድ ዘዴ አለ፤ የራሱን ገንዘብ ለምሳሌ 300 ዶላር በባንክ መያዣ አድርጎ ያስቀምጥና በዚያው ልክ የሚበደርበት ካርድ ይሰጠዋል። በራሱ ገንዘብ ዋስ ሆኖ፥ በየወሩ በቀኑ እየከፈለ ስሙን ያበጃል ማለት ነው።

ደብዳቤዋን ስናነብ ፈገግ አልን፤ ይህ ዘዴ በአገራችን ዕቁብ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለና። የዕቁብን ነገር ጠለቅ ብለን ብናየው፥ የመጀመሪያውን ዕጣ የወሰደ ሰው ተበዳሪ ነው፤ ከሌሎቹ ገንዘብ ወስዶ በየሳምንቱ ይመልሳል፤ ስለዚህም ዋስ አምጣ ይባላል። የመጨረሻውን የሚወስደው ግን አበዳሪ ነው፤ ሳምንት ሙሉ፥ ወር ሙሉ የራሱን እያስቀመጠ ለሌላው ያበድራል፤ ዋስም አያስፈልገውም። ስሙ የተጎዳ ሰው ወደ ዕቁብ መመለስ ቢፈልግ በዚህኛው በር ሊገባ ይችላል።

እኛም የዋሳችን ዕዳ እንዳለቀ፥ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በሳምንት 200 ብር የሚጣልበት፥ 20 ሰዎች ያሉበት አንድ አነስተኛ ዕቁብ ስናገኝ ወደ ዳኛይቱ ሄደን መጨረሻውን ዕጣ ለመንን። ዳኛይቱ በገበያ በርበሬና ቅመማ ቅመም የሚነግዱ ሽማግሌ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፥ «መምህር፥ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ስጡኝ ይለኛል፤ እርስዎ የመጨረሻውን ምን ሊያደርጉት ነው?» አሉን። «እትዬ፥ ባለፈው ክረምት ለሌላው ዕቁብ ዋሳችን ከፍሎልናል። አሁን ዋስ ልንጠይቅ ስለማንወድ ነው» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «ሰምቼ ነበር» አሉ፤ ስማችንንም በመዝገቡ በመጨረሻው መስመር ጻፉት። ሰምተው ነበርና አለመደበቃችን በጀን። በኅዳር 2014 ዓ.ም. 4,000 ብር ተቀበልን። በሚቀጥለው ዙር ግን ሳንለምን፥ «በመካከል ቢሆንልዎ ይሻላል» ብለው ዐሥረኛውን ሰጡን፤ ዋስም አልጠየቁን።

ያን 4,000 ብር አልበላነውም፥ ልብስም አልገዛንበትም፤ በማኅበሩ ቍጠባችን ላይ ጨመርነው። የቍጠባና ብድር ማኅበራት ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች በ1950ዎቹ ያቋቋሙት ከሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ዛሬም ማኅበራቱ የሚተዳደሩበት አዋጅ ቍጥር 985 በ2009 ዓ.ም. የወጣ ነው። አሠራራቸው ለደመወዝተኛ የተስማማ ነው። አባሉ በየወሩ ይቈጥባል፤ ብድሩም የሚሰጠው በቍጠባው መጠን እየተሰላ ነው፤ በእኛ ማኅበር ደንብ እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ በማኅበር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ብር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አንድም ገንዘብ ነው፥ አንድም ምስክር ነው። ዋናውን ብድር ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ 400 ብር ከነወለዱ እየከፈልን በ24 ወር፥ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ጨረስን።

አሁን ደግሞ ዓይን የሌለው አበዳሪ መጥቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፥ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» የተባለ ብድር በስልክ መስጠት ጀመረ። መያዣም ዋስም ሳይጠየቅ፥ ስልኩን በሚጠቀምበት ልማድና በአመላለሱ እየተመዘነ ለሰው ገንዘብ ይሰጠዋል። ይህን አንነቅፍም፤ መድኃኒት ለመግዛት ሌሊት የሰው ደጅ ከማንኳኳት አድኗልና። ነገር ግን ባለ ሱቁ እናታችን መታመማቸውን ሰምቶ «ሌላ ወር ይሁን» ሊል ይችላል፤ መኪናው ግን አይሰማም። ብድሩም በአጭር ጊዜ የሚመለስ ስለ ሆነ፥ ለአንድ ሳምንት ጉድለት እንጂ ለአምስት ወር ሥራ ማጣት የሚሆን አይደለም። ባንኮችም ቢሆኑ ብድር ከመስጠታቸው በፊት የተበዳሪውን ታሪክ በብሔራዊ ባንክ ካለው የብድር መረጃ ማእከል ይመለከታሉ፤ በአንዱ ባንክ ያለፈ ቀን በሌላው ተሰውሮ አይቀርም። ስለዚህ አንድ ሰው የሚበደርባቸውን ቦታዎች ባያበዛ መልካም ይመስለናል። ሦስት ታማኝ አበዳሪዎች ለአንድ ቤት ይበቃሉ።

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ እናስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት የተከራየውን ሕንፃ ባለቤቱ ስለ ወሰደበት ተዘጋ። ሌላ ትምህርት ቤት ቀጠረን፤ ነገር ግን ሥራው ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ነበረ ሐምሌ፥ ነሐሴና መስከረም ያለ ደመወዝ ሊያልፉ ሆነ። ይህ ክረምት ከዚያኛው ክረምት ምን ያህል እንደ ተለየ ለመናገር ያስቸግረናል። ባለ ሱቁ ነገሩን ከልጆቻችን ሰምቶ መዝገቡን ራሱ ከፈተው፤ እኛም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ በወር ከ1,500 ብር እንዳያሳልፍልን ለመንነው። ዳኛይቱ የዕቁቡን ዕጣ ወደ ነሐሴ አመጡልን። በመስከረም ግን የልጆች መመዝገቢያ፥ የደብተርና የጫማ ወጪ፥ የእናታችንም ሕክምና ባንድነት ስለ መጡ ከማኅበሩ 18,000 ብር ለመበደር ጠየቅን። ቍጠባችን 12,000 ብር ደርሶ ስለ ነበር ደንቡ እስከ 36,000 ብር ይፈቅድልን ነበር፤ እኛ ግን የምንመልሰውን ያህል ብቻ ጠየቅን። ከቍጠባችን በላይ ለሆነው 6,000 ብር ዋስ አምጡ ተባልን።

ወደ ማን እንሂድ? ያ የሒሳብ መምህር ከዚያ ወዲህ ለማንም ዋስ እንዳልሆነ እናውቅ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሄድን፤ ቡና ተፈልቶ ነበር። ወረቀቱን ሰጠነው፤ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ወዲያው ግን አልፈረመም። የገንዘቡ ልክ የሚጻፍበት ስፍራ ባዶ ነበረ። «ይህ ይሞላ» አለን። ትክክል ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1922 የዋስትናው ከፍተኛ መጠን ያልተገለጸበት ውል አይጸናም ይላልና። በአኀዝም በፊደልም ስድስት ሺህ ብር ብለን ጻፍንበት። እርሱም ከሥሩ ፈረመ።

ባለቤቱ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር። በዚያኛው ክረምት ለስምንት ሳምንት ከቤትዋ የወጣውን 500 ብር እያንዳንዱን ታውቀዋለች። ሁለተኛውን ስኒ ከቀዳችልን በኋላ፥ «የሚከፈለው በስንት ቀን ነው?» ብላ ጠየቀችን። ከኅዳር ጀምሮ በየወሩ በ5 ቀን እንደ ሆነ ነገርናት። ተነሥታም በግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የ2017 ዓ.ም. ቀን መቍጠሪያ ሄደች፤ ቅጠሎቹን ገልጣ የኅዳርን 5 ቀን በእስክሪብቶ ከበበችው።